ደቻቱ ላይ የፌስታል ግመል ማቆም ይቻላል?

ሳቢያን ማዶ፦

ሰላም ድሬዎች። ስድስት ሆነን ለኅዳር 12 ከተማችንን በሚያቋርጠው በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አንድ ግመል ልናቆም አስበናል። ቁመቱ 3 ሜትር፣ አጥንቱ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ ቆዳው የዶሮ ሽቦ፣ ሆዱ ደግሞ ከዚያው ከወንዙ በተለቀመ ፌስታልና ሃይላንድ የተሞላ። ቀኑን ሆን ብለን ነው የመረጥነው። ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ ያጨሳል፤ ድሮ የሚጨሰው ቅጠልና እራፊ ጨርቅ ነበር፣ ዛሬ ግን አብዛኛው ላስቲክ ነው። ማጨሱን ትተን እናሳየው ነው ሐሳባችን።

ያልተመለሰልን ይሄ ነው፦ እግሩን አሸዋው ውስጥ ስንት ድረስ እንቅበር? እስከሚቀጥለው ኅዳር እንዲቆይ ምን እናድርግ? ፌስታሉ እንዳይሸት በምን ይታጠባል? ከፋብሪካ ቀለም ይልቅ በአካባቢው አፈር መቀባት ብንፈልግስ ይይዛል? ዙሪያውን ሱፍ ተክለን አፈሩን እናጥራ ያለም ከመሃላችን አለ። የሚያውቅ ሰው ቁጥር ቁጥሩን ይንገረን።

ደንገጎ ቁልቁል፦

ከመቆየቱ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ዓመት አይቆይም። መቆየትም የለበትም።

ደቻቱ ደረቅ የሚመስለው ለከተማው ሰው ነው። ውሃው የሚሰበሰበው ላይ፣ ደንገጎ ዳገት ላይ ነው። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አሸዋው ላይ ሰው እየተሻገረ ጎርፉ ይደርሳል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ የደቻቱ ውሃ ማሳሳቅም አያውቅ። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ከ250 በላይ ሰው የሞተው በሌሊት በመጣ እንዲህ ባለ ጎርፍ ነው። ስለዚህ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከዚያም ከሐምሌ እስከ መስከረም ወንዙ ውስጥ የቆመ ነገር እንዲኖራችሁ አትፍቀዱ። ለቀማችሁንም በጥቅምት ጀምሩ፤ አንድ ሰው ዳር ላይ ቆሞ ወደ ላይ ይመልከት፣ ደንገጎ በኩል ከጠቆረ ሥራ ይቁም።

አሁን ወደ ግመሉ። የዶሮ ሽቦ ቀዳዳው 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። የመጀመሪያው ውሃ ይዞት የሚመጣው ፌስታልና ጭራሮ በደቂቃ ውስጥ ይደፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ ወንፊት መሆኑ ቀርቶ ግድግዳ ይሆናል። 2 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የተደፈነ ጎን በሰከንድ 3 ሜትር የሚሄድ ውሃ ሲመታው የሚያርፍበት ግፊት ወደ 1 ቶን ይጠጋል። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው። ይህን 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ አይችለውም፤ ይታጠፋል።

«ጥልቅ እንቅበረው» ደግሞ መፍትሔ አይደለም። በጎርፍ ጊዜ አሸዋው ራሱ ይፈሳል። ውሃው እግሩን ሲዞር ከፊት ለፊቱ ይቦረቡራል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ቀብራችሁት ጎርፉ ሲደርስ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ተቀብሮ ታገኙታላችሁ። ሰው ለግንባታ አሸዋ በዛቀበት ቦታ አጠገብ ከሆነማ የባሰ ነው፤ ወለሉ ድሮውንም ዝቅ ብሎ ስለተላቀቀ። ከዚያ የሽቦና የላስቲክ ክምር ሆኖ ወይ ድልድይ ሥር ይወተፋል፣ ወይ ወደ ሽንሌ ሜዳ ይወርዳል። ብክለትን የሚያሳይ ሥራ ራሱ ብክለት ሆኖ ቁጭ አለ ማለት ነው።

ወንዙ ውስጥ መሆኑ የግድ ከሆነ ከኅዳር እስከ የካቲት ይቁም፣ የካቲት ሳያልቅ ይነሣ። ምንም አትቅበሩ። አራቱን እግር ከታች በእንጨት ወይም በፌሮ ፍሬም አያይዙና ፍሬሙ ላይ ድንጋይ የሞሉ ማዳበሪያዎች ጫኑበት፤ በእያንዳንዱ ማዕዘን ከ150 ኪሎ አያንስ፣ ነፋስ ስላለ። መፍቻው ብሎን ይሁን እንጂ ብየዳ አይሁን፤ በአንድ ጠዋት ተፈትቶ በጋሪ እንዲወጣ።

ኖራ ቀቢ፦

የላስቲኩን ነገር እኔ ልመልስ።

ከደቻቱ የወጣ ፌስታል ቆሻሻ ብቻ አይምሰላችሁ፤ የመጸዳጃ ፍሳሽ የነካው ነው። የላስቲክ ጓንትና ቦት ጫማ ሳይኖር አይለቀም፤ ስባሪ ጠርሙስና ዝገት ሽቦም አብሮ ስላለ የቴታነስ ክትባት የሌለው ሰው ለቀማ ላይ ባይሰለፍ ይሻላል። አጣጠቡ በሦስት በርሜል ነው። መጀመሪያ በደረቁ አራግፉት፤ ክብደቱ አሸዋ ነውና ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። አንደኛው በርሜል ሳሙና፣ ሁለተኛው ንጹሕ ውሃ፣ ሦስተኛው በረኪና፦ በ10 ሊትር ውሃ 200 ሚሊ ሊትር፣ ለ20 ደቂቃ። በረኪናውን መጀመሪያ ላይ መጨመር ሰው ሁሉ የሚሠራው ስሕተት ነው፤ ጭቃው ኃይሉን ይጨርሰዋል። ከአሲድ ጋር ደግሞ በፍጹም አይቀላቀል፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። እጣቢው ተመልሶ ወንዝ አይገባም፤ ጉድጓድ ቆፍራችሁ እዚያ ይስረግ፣ ከውሃ ጉድጓድ ርቆ።

በበርሜሉ ውስጥ ላስቲኩ ራሱን ይለያል። ፌስታልና የሃይላንድ ክዳን ይንሳፈፋል፤ የሃይላንዱ ገላ ከተቆረጠ ይሰምጣል። ሃይላንዱን ለይታችሁ ለቆራሌው ስጡት፣ ይፈልገዋል። ሥራችሁን በማንም በማይፈለገው በፌስታሉ ብቻ ሥሩት። ለእኔ ይሄ የንጽሕና ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሊሸጥ የሚችለውን ነገር አስሮ ማቆም የለቃሚውን እንጀራ መንካት ነው።

ፀሐዩን አትርሱ። ስስ ፌስታልም ማዳበሪያም በድሬ ፀሐይ ወራት ቢቆይ ነው፣ ከዚያ በጣት ሲነኩት ዱቄት ይሆናል። ያንን ዱቄት ከአሸዋ መልሶ የሚለቅም ሰው የለም። ከወንዙ አንድ ሙሉ ፌስታል አውጥታችሁ ሺህ ብናኝ መለሳችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ፀሐይ የሚያየው ሽፋን ላስቲክ አይሁን። ወጥራችሁ የምታስሩት የላስቲክ ገመድም ካለ፣ 10 ሜትሩ በቀንና በሌሊት ሙቀት ልዩነት እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል ያጥራል፤ ቀትር ላይ ረግቦ ያያችሁትን ብታጠብቁት ሌሊት ይበጠሳል።

ፍየልና ግመልም አለ። የምግብ ሽታ የቀረበት ፌስታል ካገኙ ሥራችሁን ይበሉታል። እየቀለድኩ አይደለም።

ሸመንደፈር፦

አቦ፣ እኔ ግመሉን አልወደድኩትም። ከቆሻሻ የተሠራ እንስሳ ዓለም ላይ ሞልቷል፤ ሕፃናት ፎቶ ይነሡበታል፣ «ጎበዞች» ይባላል፣ አለቀ። ግመሉን ተዉትና ሆዱን ብቻ ሥሩ።

ዱባይ አካባቢ በረሃ ላይ የሞቱ ግመሎች ሲከፈቱ ከሆዳቸው ተጠቅጥቆ እንደ ድንጋይ የጠጠረ የላስቲክ ክብ ተገኝቷል። ከ6 ኪሎ ጀምሮ ከ60 ኪሎ የሚበልጥ ድረስ ተመዝኗል። ግመሏ ሆዷ የሞላ ስለሚመስላት መብላት ትተዋለች። የእኛዎቹስ ደቻቱ ዳር ምን እንደሚያመነዥኩ ሁላችንም እናያለን። አንድ የ50 ኪሎ ክብ፣ ነጭ ድንጋይ መስሎ፣ አጠገቡ ክብደቱ ብቻ ተጽፎ አሸዋው ላይ ቢቀመጥ ሰው ቀርቦ «ምንድነው?» ይላል። ለግመሉ ግን ማንም አይጠይቅም፣ አይቶ ያልፋል።

ከእኛው ሰው ሠዓሊውን ኤልያስ ስሜን ተመልከቱ። የኮምፒውተር ሰሌዳና የኤሌክትሪክ ሽቦ እየጠለፈ ከሩቅ መልክዓ ምድር የሚመስል ገጽ ይሠራል። ቆሻሻ መሆኑን የምታውቀው ስትጠጋ ነው። ጋናዊው ኤል አናትሱይም በጠርሙስ ክዳንና በመዳብ ሽቦ የሚሠራው እንደዚያው ነው፣ ከሩቅ ጨርቅ ነው። ሁለቱም ዕቃው መጀመሪያ እንዲጮህ አያደርጉትም።

አንድ ነገር ግን አደራ። የ1998ቱን ጎርፍ ከዚህ ሥራ ጋር አታገናኙት። ሰው የሞተበትን ውሃ በፌስታል መሳል የቤተሰቡን ልብ ነው የሚነካው። እሱ ለብቻው፣ በሌላ ቀን፣ በሌላ ዕቃ።

ሳቢያን ማዶ፦

የሆዱ ነገር ገባን፣ ሁለት ሰው አኮረፈ እንጂ። 50 ኪሎ ስንት ፌስታል ነው? እንዴትስ ክብ ይሆናል? ነጩን በኖራ ብንቀባው ይበቃል? ሱፉንም ማንም አልመለሰልን። ደግሞ ለክረምቱ ምንም አይኑር ማለታችሁ ነው? ቆሻሻው የሚመጣው እኮ ያኔ ነው።

ኖራ ቀቢ፦

አንድ ስስ ፌስታል ከ4 እስከ 6 ግራም ነው፤ 50 ኪሎ ማለት ታጥቦ ደርቆ 10,000 ገደማ። ለስድስት ሰው ብዙ ነውና ትምህርት ቤቶች ያግዟችሁ፣ ግን ልጆቹ ከታጠበ በኋላ ይግቡ።

አሠራሩን የጨርቅ ኳስ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ፌስታሉን አምስት አምስት አድርጋችሁ እየጠመዘዛችሁ ገመድ ሥሩ፣ ከዚያ እንደ ክር ጠምጥሙት። በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ንብርብር በፌሮ ማሰሪያ ጥቁር ሽቦ በአራት አቅጣጫ አስራችሁ በፒንሳ አጥብቁ። ያለ ሽቦ ከሠራችሁት በሳምንቱ እንደ ሊጥ ይዘረጋል። በእጅ ሲጠመጠም አየር ስለሚይዝ 50 ኪሎው ወደ 70 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይመጣል። ከወገብ በታች መሆኑ ጥሩ ነው፣ ሰው ጎንበስ ብሎ ያየዋል።

ኖራ ላስቲክ ላይ በቀጥታ አይይዝም! በማግሥቱ እንደ ቅርፊት ይላጣል። መሃል ላይ ጆንያ ያስፈልጋል፤ የቃጫው እንጂ የላስቲኩ አይደለም። ውሃ ጠጥቶ ቢያንስ ሁለት ሳምንት የከረመ ኖራ አንድ እጅ፣ የተነፋ የደቻቱ አሸዋ ሁለት ተኩል እጅ አድርጋችሁ እንደ ወፍራም አብሽ አቡኩት። ጆንያውን በጭረት ቆርጣችሁ እዚያ ውስጥ ነክራችሁ ጠቅልሉት። ሁለት ዙር፣ በመሃሉ 24 ሰዓት። ሥራው ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ወይም ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ በቀትር ከሠራችሁት ውሃው ቀድሞ ይተናል፣ ኖራው ሳይጠነክር ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ አልብሳችሁ ለአራት ቀን ጥላ ውስጥ አቆዩት። መነጽር አድርጉ፣ ዓይን ውስጥ የገባ ኖራ ቀልድ አይደለም።

ከጎኑ አንድ ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ ሳትሸፍኑ ተዉ፣ ንብርብሩ የሚታየው በዚያ ነው። ወደ ሰሜን አዙሩት፣ በኅዳር ፀሐይ አያገኘውም።

የአፈር ቀለም ካማራችሁ፦ ቀይ አፈር አንድ እጅ በአራት እጅ ውሃ በጥብጡ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ አሸዋው ይወርዳል። ላዩን ብቻ በነጠላ አጥልላችሁ ቅዱ፤ ሲያድር ታች የሚቀረው ልሙ ነው ቀለማችሁ። ወደ ኖራው ሲጨመር ከኖራው ክብደት ከአንድ አሥረኛ አይለፍ፣ ሲበዛ በእጅ ይለቃል። በለስ፣ እኛ ቲኒ የምንለው፣ ቅጠሉ ተከትፎ ሲዘፈዘፍ የሚሰጠው ሙጫ ኖራውን ይይዘዋል። ከኖራው ውሃ ሩቡን በተጣራው ሙጫ ተኩት።

እና ቀኑ! ኅዳር 12 ሰፈሩ ሁሉ እሳት ይዞ ነው የሚወጣው። 50 ኪሎ ፌስታል ቢያያዝ የሚሰጠው ሙቀት በክብደት ከቤንዚን ጋር ይቀራረባል። ክፍቱን ጎን ከሚነድ ነገር ሁሉ 30 ሜትር አርቁ፣ ሁለት በርሜል አሸዋ አጠገቡ ይኑር፣ ሌሊት ጠባቂ ይደር።

ሸመንደፈር፦

የሱፉን እኔ ልበል። ተክል አፈር ያጠራል የሚለው ወሬ መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሜል ቺን የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ከሩፉስ ቻኒ ከተባለ የአፈር ሳይንቲስት ጋር ሚኒሶታ ውስጥ ሴንት ፖል ከተማ የቆሻሻ መጣያ ላይ በአጥር የታጠረ መሬት ውስጥ ካድሚየምና ዚንክ የሚስቡ ተክሎችን ተከለ። በሠዓሊው አነጋገር ቅርጽ ማውጣት ነበር፤ ግን መሮው ተክል፣ ድንጋዩ አፈር። ሥራው ምርምርም ስለነበር ተክሉ ታጭዶ በላቦራቶሪ ይለካ ነበር።

አስተውሉ፣ አንደኛ ተክሉ ብረት ነው የሚስበው፤ ፌስታልን የሚስብ ተክል የለም። ሁለተኛ፣ የሳበውን ቅጠሉ ውስጥ ነው የሚያከማቸው፤ ስለዚህ ታጭዶ ለብቻ መወገድ አለበት። ድሬ ላይ ያለ ጠባቂ የተተከለ ሱፍ የሚታጨደው በፍየል ነው፤ ከዚያ ወተት ውስጥ ይገባል። አፈሩ ሳይመረመር፣ አጥር ሳይኖር፣ የታጨደው የት እንደሚሄድ ሳይታወቅ ባትተክሉት ይሻላል።

ደንገጎ ቁልቁል፦

ለክረምቱ አለ። ግን ዋናው ወንዝ ውስጥ ሳይሆን ወደ እሱ ከሚገቡት ትንንሽ ቦዮች በአንዱ። ቆሻሻው መጀመሪያ የሚያልፈው በዚያ ነው፣ ጉልበቱም ገና አልተባበረም።

የፌሮ ማበጠሪያ አስቡ። 3 ሜትር ስፋት ላለው ቦይ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ10 ሳንቲ ሜትር፤ 31 ጥርስ ይሆናል። እያንዳንዱ 1 ሜትር ከ10፦ 40 ሳንቲ ሜትሩ ኮንክሪት ውስጥ፣ 70ው ከላይ። አጠቃላይ 34 ሜትር ነው፤ ከአንድ ባለ 12 ሜትር ፌሮ አሥር ጥርስ ብቻ ስለሚወጣ ግን አራት ፌሮ ያስፈልጋል። መሠረቱ የቦዩን ስፋት ይዞ 50 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ 40 ጥልቀት፤ ወደ 0.6 ሜትር ኩብ። አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ አራት ጠጠር፤ ባለ 50 ኪሎ አራት ከረጢት።

ጥርሱ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ጫፉ ውሃው ወደሚሄድበት ይዘንበል፣ ከወለሉ 50 ዲግሪ ገደማ። እንዲያ ሲሆን ቆሻሻው በጥርሱ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ላይ ይወጣና ታች ውሃ ማለፊያ ያገኛል። ቀጥ ያለውን ግን ከሥሩ ጀምሮ ይደፍነዋል። ከፍታው ከቦዩ ጥልቀት ሲሶ አይለፍ፤ ሙሉ በሙሉ ቢደፈን እንኳ ውሃው በላዩ ይሂድ። ከዚያ ከፍ ካለ ውሃው ጎኑን ቆርጦ ሰው ቤት ይገባል። ከማበጠሪያው በታች ሜትር ተኩል ያህል ትልልቅ ድንጋይ ይነጠፍ፣ አለዚያ የሚወድቀው ውሃ መሠረቱን ከኋላ ይበላዋል። ቦዩ የከተማው ስለሆነ የጽሑፍ ፈቃድ ሳይያዝ አንድ ዶማ አይመታ።

ከእያንዳንዱ ጎርፍ በኋላ በማግሥቱ ይጠረጋል። ይህን የሚያደርግ ሰው በስም ካልተመደበ ጭራሽ አትሥሩት።

ባቴ መንገድ፦

ዘግይቼ ገባሁ። ማበጠሪያው አጠገብ ግንብ ካለ የጎርፉን ልክ ብትጽፉበትስ? ውሃው ሲወርድ እሾህ ላይ የተንጠለጠለው ፌስታል የጎርፉ ከፍታ ነው፤ ጎርፉ ራሱ መስመሩን አስምሮላችሁ ሄዷል። ያንን ልክ ወደ ግንቡ ለማምጣት ግንበኞች የሚይዙት በውሃ የተሞላ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ በቂ ነው፤ ውስጡ የአየር አረፋ አለመኖሩን እዩ፣ አንድ አረፋ ልኩን ያዛባዋል። ግንቡን አርጥባችሁ 5 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው የኖራ መስመር፣ አጠገቡ ቀኑ። በሚቀጥለው ጎርፍ ሌላ መስመር።

ይህን ሐሳብ ያመጣሁት ከሐረማያ ነው። ሐይቁ ለሐረር ውሃና ለመስኖ ሲሳብ፣ ከተራቆተው ዳገት ደለል ሲገባበት ኖሮ በ1990ዎቹ ደረቀ፤ በቅርብ ዓመታት ውሃ መመለስ ጀምሯል። የድሮውን ዳርቻ በነጭ መስመር ማሳየት ይቻላል፤ ዳርቻ ማለት እኩል ከፍታ ነውና የእርከን ሠራተኞች በሚጠቀሙበት ገመድና ውሃ ልክ በየ10 ሜትሩ ችካል እየተከሉ መሄድ ነው። ከመንገድ እንዲታይ 50 ሳንቲ ሜትር ወርድ ይፈልጋል፤ 2 ሚሊ ሜትር ቢነሰነስ በሜትር ግማሽ ኪሎ ኖራ፣ አንድ ባለ 25 ኪሎ ከረጢት 50 ሜትር። የገበሬ ማሳ ላይ ግን ኖራ አይነሰነስም፣ የአፈሩን ጠባይ ይለውጣል። እዚያ ኖራ የተቀባ ድንጋይ ይደረደራል፣ ያውም ባለማሳው ከፈቀደ። አሜሪካዊው ሠዓሊ ሮበርት ስሚትሰን እ.ኤ.አ. በ1970 ዩታ ጨው ሐይቅ ውስጥ 457 ሜትር የሚረዝም የድንጋይ ጥምዝ ሠራ፤ ብዙም ሳይቆይ ሐይቁ ሞልቶ ዋጠው፣ 30 ዓመት ያህል ቆይቶ በድርቅ ብቅ አለ። ሰው ዛሬ እሱን አይቶ የሐይቁን ልክ ያነባል።

ሳቢያን ማዶ፦

እግዜር ይስጥልን። ለዘንድሮ ክቡን እንሠራለን፤ ማበጠሪያው ፈቃዱ ሲገኝ። አንድ ቀረን፦ ጥረጋውን ፎቶ እያነሣን ክቡ አጠገብ እንድንሰቅል፣ በየጊዜው እኩል የሚወጣው እንዴት ነው?

ደንገጎ ቁልቁል፦

ቦዩ ዳር አንድ ሜትር ተኩል ፌሮ በኮንክሪት ትከሉና ጫፉ ላይ ስልክ የሚያስቀምጥ ጠፍጣፋ ብረት በይዱ፤ ሁሌ ከዚያ ላይ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ሳትጠርጉ በፊት። ማጉያውን አትንኩ። የተጠረገውን ደግሞ እርጥቡን ሳይሆን ሦስት ቀን ደርቆ ተራግፎ መዝኑት፤ እርጥቡን ከመዘናችሁ የምትጽፉት የጭቃ ክብደት ነው። ብረቱን ሌሊት እንዳይነቅሉት ጠርዙን ቀለም ቀቡት፣ የተቀባ ብረት ቆራሌው ቶሎ አይወስደውም።

ኖራ ቀቢ፦

ይወስደዋል። ኮንክሪቱ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ እጠፉት።